ጠላት ከጓዳ ሲገኝ

ልጅቷ ሌሊቱን የት አደረች?

“ኤክ ዲን ፕራቲዲን” የተባለው ፊልም በ1979 ከወጣ በኋላ ዳይሬክተሩ ምሪናል ሴን በሄደበት ሁሉ የተከተለው ጥያቄ ይህ ነበር። (በዚህ ምዕራፍ ያሉ ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የፊልሙ ስም በግርድፉ “አንድ ቀን፣ እንደ ሁልጊዜው” ማለት ነው። ቦታው ካልካታ፣ ተከራይ የታጨቀበት አንድ ያረጀ ግቢ። ሰባት ነፍስ ያለበት ቤተሰብ የሚተዳደረው በቺኑ ደመወዝ ነው፤ አባት ጡረታ ወጥቷል፣ ወንድምየው ሥራ ፈት ነው፣ ታናናሾቹ ገና ራሳቸውን አልቻሉም። ያን ዕለት ቺኑ ከቢሮ በሰዓቷ አልተመለሰችም። መጀመሪያ ማንም ልብ አይልም። ቆይቶ አባት ወጥቶ መንገድ ዳር ይቆማል። እህቷ ስልክ ፍለጋ ትወጣለች፤ ወንድሟ ከፖሊስ ጣቢያ እስከ አስከሬን ክፍል ይዞራል። ግቢው ውስጥ መስኮት በመስኮት ይከፈታል፤ ሐዘኔታም አለ፣ ወሬም አለ፣ የቱ የቱ እንደሆነ መለየት ያስቸግራል። ቤት ውስጥ ደግሞ ፍርሃቱ ቀስ እያለ መልኩን ይቀይራል። ማታ “ምን አገኛት?” የነበረው እኩለ ሌሊት ላይ “ሰው ምን ይለናል?” ይሆናል። ሊነጋጋ ሲል ማንም ደፍሮ የማይናገረው ሦስተኛ ጥያቄ ይመጣል፦ ደመወዟ ቢቀርስ?

ጎህ ሳይቀድ ቺኑ ትመጣለች። ደህና ናት። የት አደርሽ የሚላት ግን የለም። ዝምታው ከስድብ ይከብዳል፤ ሌሊቱን ሙሉ የተንገበገቡላት ሰዎች ፊታቸውን ያዞሩባታል፣ እሷም ፍርዱን ከዓይናቸው ታነባለች። ፊልሙ ሲያልቅ የት እንዳደረች ተመልካቹም አያውቅም። ሴን ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነበር፦ እኔም አላውቅም። ጠያቂዎቹ አልረኩም። እኔ ግን ፊልሙ የተሠራው ለዚህች አለመርካት ነው ብዬ አምናለሁ። “የት አደረች?” ብሎ የጠየቀ ተመልካች ከግቢው ጎረቤቶች ጋር መስኮቱን ከፍቶ መቆሙን አላወቀም።

የሚገርመው ይህን ፊልም የሠራው ሰው ማንነት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሴን ፊልሞች መልስ የሚጮኹ ነበሩ። ጠላቱ ማን እንደሆነ በስሙ ጠርተው፣ በጣታቸው ጠቁመው፣ አንዳንዴም ጽሑፍ በስክሪኑ ሙሉ ለጥፈው ይናገሩ ነበር። ያ ሰው እንዴት እዚህ ደረሰ?

ሴን የተወለደው በ1923 በፋሪድፑር ነው፤ ያኔ የምሥራቅ ቤንጋል ከተማ፣ ዛሬ የባንግላዴሽ። አባቱ ጠበቃ ነበር፤ እንግሊዞችን በመቃወም የተከሰሱ ወጣቶችን ይሟገትላቸው ነበር። ልጁ በ1940 ፊዚክስ ሊማር ካልካታ ወደሚገኘው ስኮቲሽ ቸርች ኮሌጅ መጣ። ከመጣ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 1941፣ ታላቁ ገጣሚ ራቢንድራናት ታጎር ሞተ። ከተማዋ ነቅላ ወደ አስከሬን ማቃጠያው ሥፍራ ወጣች። ሴን በኋላ ደጋግሞ የሚያወራው ግን የታጎርን አስከሬን አይደለም። በዚያ ሕዝብ መካከል አንድ ወጣት አባት በጨርቅ የተጠቀለለ የሞተ ልጁን ታቅፎ፣ እሱም በተራው ሊያቃጥል ይጠብቃል። ድንገት ሕዝቡ ጥሶ ገባ፤ በግፊያው የልጁ አስከሬን ከአባቱ እጅ ወደቀ፣ ተረገጠ፣ ጠፋ። ለታላቅ ሰው በወጣ ለቅሶ የትንሽ ሰው ለቅሶ ተረገጠ። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ይህን አይቶ ወደ ቤቱ ሲሄድ ምን እንዳሰበ መገመት አልሞክርም፤ ግን ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ያቺን ቀን የፊልም ርእስ አድርጓታል።

ቀጥሎ የ1943ቱ ረሃብ መጣ። በርማ በጃፓን እጅ በመውደቋ ከዚያ ይመጣ የነበረው ሩዝ ቆመ፤ አውሎ ነፋስ የባሕር ዳርቻውን እርሻ ጠረገ፤ የእንግሊዝ ሹማምንት ጠላት እንዳይጠቀምባቸው ብለው የገበሬውንና የዓሣ አጥማጁን ጀልባ ሰበሰቡ፤ የጦርነቱ ገንዘብ ዋጋን ሰማይ ሰቀለ፤ ነጋዴው ሸሸገ። የሞተው ሰው እስከ 3 ሚሊዮን ይገመታል። ገጠሩ ወደ ካልካታ ፈልሶ በሀብታሞች ደጃፍ ሩዝ የተቀቀለበትን ውኃ እየለመነ አለቀ። ለሴን ትውልድ ይህ የታሪክ ምዕራፍ አይደለም፤ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ የተራመዱት አስከሬን ነው።

በዚያው ዓመት ከኮሙኒስት ፓርቲ ጋር የተቆራኘ የሕንድ ሕዝብ ቲያትር ማኅበር ተመሠረተ። ሴን ከማኅበሩ ሰዎች ጋር ዋለ፣ አደረ፤ የፓርቲ አባል ግን ሆኖ አያውቅም። በኋላ ራሱን የግል ማርክሲስት ነኝ ይል ነበር፤ ቀልድ ይመስላል፣ ግን እስከ መጨረሻው የቆመበት ቦታ ነው። ሀዝራ አካባቢ ፓራዳይዝ በምትባል ሻይ ቤት ውስጥ በኋላ ፊልም ዳይሬክተር የሆነው ሪትዊክ ጋታክ፣ ሙዚቀኛው ሳሊል ቾውዱሪና ሌሎችም እየተሰበሰቡ በአንድ ስኒ ሻይ ግማሽ ቀን ይከራከራሉ። ኪሳቸው ባዶ፣ አፋቸው ሙሉ። ሴን ወደ ፊልም የገባው በመጽሐፍ በኩል ነው፦ ቤተ መጻሕፍት ሲያነብ የሩዶልፍ አርንሃይም የፊልም ጥበብ መጽሐፍ እጁ ገባ፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር ማንበብ አቃተው። በ1953 ስለ ቻርሊ ቻፕሊን አንድ መጽሐፍ ጻፈ፤ ሽፋኑን የሠራለት ገና ፊልም ሠርቶ ያልጨረሰ ሳትያጂት ራይ የሚባል ሠዓሊ ነበር።

እንጀራ ግን በመጽሐፍ አይገኝም። የመድኃኒት ኩባንያ ወኪል ሆኖ ቦርሳ ይዞ ከከተማ ከተማ ሲዞር፣ ጃንሲ ውስጥ በአንድ ሆቴል ክፍል በሩን ዘግቶ ልብሱን በሙሉ አውልቆ መስታወት ፊት ቆመ፣ ራሱን አየ፣ አለቀሰ። ከሥራው ለቀቀ። ይህን ያወራው ራሱ ነው፤ እኔ የምወድለት መስታወቱን ነው፤ ወደፊት እንመለስበታለን።

የመጀመሪያ ፊልሙ በ1955 ወጣ። የራይ “ፓቴር ፓንቻሊ”ም በዚያው ዓመት ወጣ። የራይ ፊልም ዓለምን አስደነቀ፤ የሴን ወደቀ፣ እሱም ስሙ ባይነሳለት ይመርጥ ነበር። በ1959 የወጣው ሁለተኛው በካልካታ ጎዳና ሸቀጥ እያዞረ ስለሚሸጥ አንድ ቻይናዊ ነው፤ ሰው ወደደው፣ በኋላ ሕንድና ቻይና ሲጣሉ ግን ለጥቂት ጊዜ ታገደ።

ሴን ሴን የሆነው በሦስተኛው ነው። “ባይሼ ሽራቦን” (1960) ማለት “ሽራቦን 22” ማለት ነው፤ በቤንጋል የዘመን አቆጣጠር ታጎር የሞተባት ቀን። ቤንጋሊ ይህን ርእስ ሲሰማ ግጥምና የለቅሶ አበባ ይጠብቃል። ሴን የሰጠው ግን ባቡር ላይ ጥቃቅን ሸቀጥ የሚሸጥ አንድ ጎልማሳና ገና ልጅ የሆነች ሚስቱን ነው፤ ያቺ ቀን የጋብቻቸው ቀን ናት። አባትየው ታቅፎት የጠፋበት ልጅ ትዝ ይበላችሁ። መጀመሪያ ይዋደዳሉ። ከዚያ ማዕበል ቤቱን አፍርሶ እናቱን ይገድላል፤ የባቡር አደጋ አካሉን ያጎድላል፤ ከዚያ ረሃብ ይመጣል። አንድም የተከመረ ሬሳ አናይም። ረሃቡን የምናየው በአንድ ሳህን ነው፦ ባል ከየትም የተገኘችውን ሩዝ አጎንብሶ ይበላል፣ ይበላል፣ ሚስት ቆማ ታየዋለች። አንቺስ አይላትም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ርቦታል። ግን ከዚያ ጉርሻ በኋላ እነዚያ ሁለት ሰዎች ባልና ሚስት አይደሉም። ረሃብ ሰው ከመግደሉ በፊት ምን እንደሚገድል በዚህ አጭር ትዕይንት ያየ ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሴን ይህን በ37 ዓመቱ ያውቅ ነበር። ከዚያ ረሳው ልበል? ለጊዜው አስቀመጠው።

ከዚያ በኋላ ያሉትን አምስት ዓመታት ፈጠን ብለን እንለፋቸው። ቅርጽ ይፈልጋል፣ ፈረንሳዮቹን ወጣት ዳይሬክተሮች ያያል፣ ድንገት ምስሉን ቀጥ አድርጎ ማቆም ይማራል። በ1965 “አካሽ ኩሱም” (ሀብታም መስሎ ፍቅር ስለያዘ አንድ ጎበዝ ነው) ሲወጣ፣ “ስቴትስማን” ጋዜጣ ላይ ራይና ሴን በደብዳቤ ተያያዙ። የፊልሙ ዘመናዊነት እውነት ነው ወይስ የተዋሰው ላባ ነው በሚል ሳምንታት ተጻጻፉ። የራይ ምላስ ስለት ነበር፤ ሴንም የሚመለስ ሰው አልነበረም። ከተማዋ እንደ እግር ኳስ ተከታተለችው። ሁለቱ እስከ ራይ ሞት ድረስ እየተከባበሩ እየተናከሱ ኖረዋል።

በ1969 “ቡቫን ሾም” ወጣ፤ በሂንዲ፣ ከመንግሥት የፊልም ገንዘብ ተቋም በተገኘ ትንሽ ብድር። ሚስቱ የሞተችበት፣ ደንብ አክባሪ፣ የራሱን ልጅ እንኳ ከሥራ ያባረረ አንድ የምድር ባቡር ሹም ለአንድ ቀን ወፍ ሊያድን ጉጃራት ገጠር ይወርዳል። እዚያ የሚያገኛት የገጠር ልጅ የጎሪ ባለቤት፣ ጉቦ ይቀበላል ተብሎ ሹሙ ራሱ ሊቀጣው ያሰበው ትኬት ተቆጣጣሪ ነው። ሹሙ በአሸዋው፣ በፀሐዩ፣ በልጅቷ ሳቅ ልቡ ይለሰልሳል፤ ተቆጣጣሪውን ይምረዋል። ፊልሙ የሕንድ አዲስ ሲኒማ የሚባለው እንቅስቃሴ በር ከፋች ሆኖ ተቆጠረ፤ ምርጥ ፊልም፣ ምርጥ ዳይሬክተርና ምርጥ ተዋናይ ተብሎ ብሔራዊ ሽልማቶችን ጠቀለለ። ተራኪው ድምፅ ያኔ ማንም የማያውቀው አሚታብ ባቻን ነበር። ራይ ግን ፊልሙን በጥቂት ቃላት አጣጣለው፦ ክፉ ሹም በባላገር ልጅ ተጸጸተ፣ በቃ። እኔ እዚህ ላይ ከሴን ጋር ነኝ። ተቆጣጣሪው ምሕረት ሲያገኝ የሚዛወረው ወደ ትልቅ ጣቢያ ነው፤ ትልቅ ጣቢያ ደግሞ ጉቦውም ትልቅ ነው። ተጸጸተ የተባለው ሹም ያደረገው ይኸን ነው። ራይ ይህችን መራራ ሳቅ ሳይሰማት አልቀረም፤ አልፏት ነው።

በዚህ መሃል ካልካታ መቃጠል ጀምራለች። በ1967 በሰሜን ቤንጋል ናክሳልባሪ በምትባል መንደር ገበሬዎች መሬት ሊይዙ ተነሡ፤ እሳቱ ወደ ከተማ ወርዶ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ያዘ። ትምህርት ትቶ ወደ ገጠር የገባ፣ ቦምብ የጣለ፣ በፖሊስ ጥይት መንገድ ላይ የወደቀ ወጣት ብዙ ነው። የመሪው ቻሩ ማጁምዳር ሕይወት በ1972 በእስር እያለ አለፈ። ስለ ለውጥ ሲባል የገዛ ትውልዱ ልጆች ሲያልቁ ያየ አገር ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም።

የሴን መልስ “ኢንተርቪው”፣ “ካልካታ 71” እና “ፓዳቲክ” የተባሉት ሦስት ፊልሞች ናቸው። “ኢንተርቪው” የሚጀምረው የእንግሊዝ ሹማምንት ሐውልቶች ከካልካታ አደባባዮች ሲነሱ ነው። ከዚያ ራንጂት የሚባል ወጣት ይመጣል። የቤተሰብ ወዳጅ በውጭ ድርጅት ጥሩ ሥራ ሊያስገባው ቃል ገብቷል፤ የሚጠበቅበት ለቃለ መጠይቁ ሙሉ ልብስ መልበስ ብቻ ነው። ልብሱ ላውንድሪ ነው፤ የላውንድሪ ሠራተኞች አድማ መተዋል። ከጓደኛ ይዋሳል፤ አውቶቡስ ላይ ሌባ ሲይዝ የተዋሰው ልብስ ይጠፋል። በአገሩ ልብስ፣ በዶቲ፣ ይሄዳል። ሥራውን አያገኝም።

ታሪኩ ይኼው ነው፤ ፊልሙን ፊልም ያደረገው ግን ትራሙ ነው። ራንጂት ተሳፍሯል። አጠገቡ ያለች ልጅ መጽሔት ላይ ፎቶውን አይታ ቀና ብላ ታየዋለች። በዚህ ጊዜ ወደ ካሜራው ዞር ይልና ለእኛ ያወራል፦ ስሜ ራንጂት ማሊክ ነው፤ እዚህ ጋዜጣ ማተሚያ ውስጥ እሠራለሁ፤ ምሪናል ሴን የሚባል ሰው ሕይወትህ ለፊልም ይሆናል ብሎ ጠዋት ጀምሮ እየተከተለኝ ነው። ካሜራው ይዞርና ካሜራማኑን ማሃጃንን፣ መሣሪያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ትራሙ ውስጥ ተጨናንቆ እናያለን። እናቴ የምትሏት ደግሞ እናቴ አይደለችም፣ ተዋናይ ናት ይላል፤ የራይ “ፓቴር ፓንቻሊ” ውስጥ እናት ሆና የተጫወተችው ያችው ሴት ናት፣ ቁራጩም ይታያል። ሳቅ አለው፤ ግን ተመልካቹ ጨለማ ውስጥ ተደብቆ በሰው ችግር እንዳያለቅስ መብራት ማብራቱ ነው። አንተም ትራሙ ላይ ነህ እንደማለት።

መጨረሻ ላይ ራንጂት ሌሊት አንድ ሱቅ ፊት ይቆማል። መስታወቱ ውስጥ ያማረ ሙሉ ልብስ የለበሰ አሻንጉሊት አለ። ድንጋይ አንሥቶ መስታወቱን ይሰብራል፣ አሻንጉሊቱን ይገፍፋል። ሐውልቱ ከአደባባይ ተነሥቷል፤ ልብሱ ግን ሱቅ ውስጥ ቆሟል። የመድኃኒት ወኪሉ ጃንሲ ውስጥ መስታወት ፊት ያወለቀውን ልብስ ራንጂት አሁን ከሌላው ላይ ይገፍፋል። በመካከሉ ያለው ልዩነት ትልቅ ነው፤ በዚያ ዘመን የሴን ጣት ወደ ውጭ ነበር የሚጠቁመው።

“ካልካታ 71” ደግሞ ከ1933 እስከ 1971 በተለያዩ ዘመናት የተቀመጡ የድህነት ታሪኮችን ያያይዛል፤ በመካከላቸው በፖሊስ የተገደለ የ20 ዓመት ወጣት እየተነሣ ይናገራል፣ ለሺህ ዓመት ዕድሜዬ 20 ነው ይላል። ኃይል አለው፣ ጩኸትም አለው። የዚህ ዘመን ፊልሞቹን በአንድ ቀን ተከታትሎ ላየ ሰው ጆሮ ይዝላል፤ “ኮረስ” (1974)፣ ለ100 የሥራ ቦታ 30,000 ሰው ሲሰለፍ የሚያሳየው፣ ለእኔ ድምፅ ማጉያው ከንግግሩ የበለጠበት ነው። ይህን የምለው ላቃልለው አይደለም። ከተማዋ ስትጮህ በለሆሳስ የሚናገር አርቲስት እውነት ተናገረ ማለት አይቻልም።

ስንጥቁ የሚታየው “ፓዳቲክ” (1973) ላይ ነው። ስሙ እግረኛ ተዋጊ ማለት ነው። ሱሚት የተባለ የናክሳልባሪው ንቅናቄ ታጋይ (ናክሳላይት) ከፖሊስ መኪና አምልጦ በአንዲት ባለሀብት ሴት አፓርታማ ይደበቃል። ምግብ አለ፣ መጽሐፍ አለ፣ ጊዜ አለ። ጊዜ ደግሞ ለታጋይ አደገኛ ነገር ነው። ያስባል። መሪዎቻችን ለምን አይጠየቁም? ሕዝቡ አብሮን አለ ያለን ማን ነው? ጥያቄውን ለድርጅቱ ያቀርባል፤ ድርጅቱ ፊቱን ያዞርበታል። በመጨረሻ እናቱ ስትሞት ቤቱ ይመጣል። ሽማግሌ አባቱ፣ ልጁ ለትግሉ የማይረባ ተራ ሰው አድርጎ ይቆጥረው የነበረው፣ አንድ ነገር ይነግረዋል፦ መሥሪያ ቤት አድማ አንመታም የሚል ወረቀት ፈርም ብለውኝ ነበር፤ አልፈረምኩም። ይህን አባት የተጫወተው ቢጆን ባታቻሪያ ነው። የ1943ቱን ረሃብ በመድረክ ያሳየውን ዝነኛ ተውኔት የጻፈው እሱ ነው። ሴን ለዚያ ቦታ ሌላ ሰው ሊመርጥ ይችል ነበር፤ አልመረጠም።

ግራ ዘመሞቹ ፊልሙን አልወደዱትም። ልጆቻችን እየሞቱ ባለበት ሰዓት ድርጅትን መተቸት ለጠላት ማገዝ ነው አሉ። የታወቀ ክርክር ነው።

በ1977 ደግሞ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። በሕንድ ታውጆ የነበረው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አበቃ፣ የግራ ግንባር በምርጫ አሸንፎ የምዕራብ ቤንጋልን ሥልጣን ያዘ፤ እስከ 2011 አልለቀቀም። ትናንት በአንድ ሻይ ሲከራከሩ የነበሩ ሰዎች ዛሬ ቢሮ ገቡ። ጣቱን ወደ መንግሥት መጠቆም የለመደ አርቲስት አሁን ወደ ማን ይጠቁም? ሴን ራሱ እስካሁን የውጭ ጠላት ስፈልግ ኖርኩ፣ አሁን የውስጡን መፈለግ ጀመርኩ የሚል ሐሳብ ይናገር ነበር። ብዙ ተቺዎች ይህን ከፖለቲካ መሸሽ ብለው ተርጉመውታል፤ ጎዳናውን ትቶ ሳሎን ገባ አሉ። እኔ እንደማየው ሳሎን አልቆመም፤ ጓዳ ድረስ ዘለቀ። የቺኑ ሌሊት የዚህ መጀመሪያ ነው። ጩኸቱም አብሮ ጠፋ፤ ካሜራው ረጋ፣ ጽሑፍ ከስክሪን ላይ ወረደ።

ከቺኑ ፊልም በዓመቱ የሠራው ግን፣ በእኔ ግምት፣ ከሁሉ የሚበልጠው ነው። “አካሌር ሸንዳኔ” ማለት “ረሃብን ፍለጋ” ማለት ነው። በመስከረም 1980 አንድ የፊልም ቡድን ከካልካታ ተነሥቶ ሀቱዊ ወደምትባል መንደር ይወርዳል፤ ስለ 1943ቱ ረሃብ ፊልም ሊሠራ። ስሚታ ፓቲል የምትጫወተው ራሷን፣ ተዋናይቱ ስሚታ ፓቲልን ነው። በፈራረሰ የባላባት ቤት ያርፋሉ፤ መኪና፣ ጄኔሬተር፣ ሲጋራ፣ ሳቅ። ለቀለብ ገበያውን ያራቁቱታል፣ ዋጋ ይወጣል። የመንደሩ ሰው ደግሞ ያያቸውና፣ እነዚህ ሰዎች የረሃብ ፎቶ ሊያነሡ ነው የመጡት፣ ረሃቡ እኮ እኛ ገላ ላይ ነው ያለው ብሎ ይስቃል።

አንድ ምሽት ዝናብ ሥራ አስፈትቷቸው ጨዋታ ይጫወታሉ። የተራቡ ሰዎች ፎቶ አንድ በአንድ ይነሣል፣ የየትኛው ዓመት ነው? 1943 ይላል አንዱ። አይደለም፣ 1959 ነው። ሌላው ይነሣል፤ 1943? 1971። አጥንት ከአጥንት አይለይም። ቀጥሎ የሚመጣው የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር ምስል ደግሞ ሰው አይደለም፤ የጾመኛው ቡድሃ ሐውልት ነው። ይስቃሉ። ደግ ሰዎች ናቸው፣ ለረሃብተኛ የቆረቆራቸው ናቸው፣ ለዚህ ነው እዚህ ድረስ የመጡት፤ ግን እየተጫወቱ ነው።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚያስታውሰው ነገር አለ። አማርቲያ ሴን (ስሙ እንጂ ዝምድናው አይደለም) በ1981 ባሳተመው የድህነትና የረሃብ መጽሐፉ የቤንጋልን 1943 እና የወሎን ረሃብ ጎን ለጎን አስቀምጦ መርምሯል፤ በሁለቱም ቦታ ሰው ያለቀው እህል ከአገር ጠፍቶ ሳይሆን እህሉን የሚያገኝበት አቅም ስላጣ ነው ብሎ ተከራክሯል። ከወሎ እህል እየተጫነ ሲወጣ የወሎ ሰው ይሞት ነበር። ያንን ረሃብ ለዓለም ያሳየው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በ1973 ተሠራ፤ በመስከረም 1967 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ በወረዱበት ዋዜማ፣ ከቤተ መንግሥት ግብር ምስል ጋር ተቆራርጦ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። የተራበ ሰው ምስል መንግሥት ሲገለብጥ አይተናል። ከዚያ በ1977 ዓ.ም. ረሃቡ ሲመለስ ካሜራውም ተመለሰ። የሀቱዊ ሰዎች ሳቅ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ፊልሙ ግን እዚህ ላይ አያበቃም። በ1943ቱ ታሪክ ውስጥ ለቤቷ ስትል ገላዋን የምትሸጥ ሴት አለች፤ ያንን ልትጫወት የመጣችው ተዋናይት ተጣልታ ትሄዳለች። ከመንደሩ ልጃገረድ ይፈለግ ሲባል ቤቱ ሁሉ በሩን ዘጋ። ለምን? አሳፋሪ ሥራ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ በእውነተኛው ረሃብ በዚያች መንደር የሆነ ነገር ስለሆነ ነው። የማን እናት፣ የማን አያት እንደሆነች የሚያውቅ ያውቃል። በዚያ ዘመን መሬት የገዛና ያተረፈም አለ። ገበናው ሊገለጥ ነው። የመንደሩ አስተማሪ ዳይሬክተሩን ይመክረዋል፦ ሂዱ፣ ስቱዲዮአችሁ ውስጥ ሥሩት። ቡድኑ ጓዙን ጠቅልሎ ይሄዳል። ዱርጋ የምትባል ድሃ የመንደሩ ሴት፣ የተዋናዮቹን ጨዋታ ስታይ የራሷን ኑሮ አይታ የጮኸችው፣ ትቀራለች፤ ፊቷ ጨለማው ውስጥ እየራቀ እየራቀ ሲሄድ፣ ልጇ መሞቱንና ባሏ መጥፋቱን አንድ ድምፅ ይነግረናል።

ይህን የሠራው ከ20 ዓመት በፊት “ባይሼ ሽራቦን”ን የሠራው ሰው ነው። እዚህ የሚጠየቀው ሹሙም ነጋዴውም ሳይሆን የራሱ ሙያ ነው፤ ካሜራው መስታወት ፊት ልብሱን አወለቀ። ፊልሙ በ1981 በርሊን ላይ የሲልቨር ቤር ሽልማት አገኘ፤ የረሃብ ፊልም አውሮፓ ሄዶ ሲሸለም ሴን ራሱ ምን እንደተሰማው ብሰማ ደስ ይለኝ ነበር።

“ካሪጅ” (1982) ከዚህም ያነሰ ቦታ ውስጥ ይገባል፤ አንድ ማድቤት። ስሙ ፍርድ ቤት “መዝገቡ ተዘግቷል” የሚለው ዓይነት ቃል ነው። ወጣት ባልና ሚስት አንድ ልጅ አላቸው፤ ሥራ የሚያግዝ ፓላን የሚባል ሌላ ልጅ ደግሞ ከገጠር አምጥተዋል። ደረጃ ሥር ነው የሚተኛው። ብርድ ባየለበት ሌሊት ሙቀት ፍለጋ ማድቤት ገብቶ በሩን ይቀረቅራል፤ ምድጃው ውስጥ ከሰል አለ፣ አየር መውጫ የለም። ጠዋት በሩ ሲሰበር ሞቷል። የከሰል ጭስ በአዲስ አበባ ክረምት ምን እንደሚያደርግ ለሚያውቅ አንባቢ የአስከሬን ምርመራው ውጤት አያስፈልገውም።

ጥንዶቹ ክፉ አይደሉም። መትተውት አያውቁም። አሁን ግን ፖሊስ ይመጣል፣ ጎረቤት ያያል፣ ጠበቃ ይጠየቃል፣ ያከራያቸው ሰው ለምን አየር መውጫ አላበጀም ይባላል፤ እያንዳንዱ ጥፋቱን ወደሚቀጥለው ይገፋል። የእነሱ ልጅ ሌላው ክፍል ውስጥ ብርድ ልብስ ለብሶ እንደሚተኛ ፊልሙ አይነግረንም፤ አልጋውን ብቻ ያሳየናል። የሟቹ አባት ከገጠር ይጠራል። ያለቅሳል፣ ልጁን ያቃጥላል። ከማቃጠያው ሲመለሱ ቤቱ ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ይጮሃል? ይመታል? ባልየው ደረጃው ላይ ቆሟል፤ አባትየው ይጠጋዋል። ሁለት እጁን ያገናኛል። ጌታዬ፣ ልሂድ ይላል። ይሄዳል።

አባትየው በጥፊ ቢመታው ባልየው በእፎይታ ያለቅስ ነበር፤ እኛም አብረን። ሴን ያንን እፎይታ ነፈገን። ፊልሙ በ1983 ካን ላይ የዳኞችን ሽልማት አገኘ።

ቀሪውን ባጭሩ ልበል። “ካንዳር” ውብ ፍርስራሽ ነው፤ “ጄኔሲስ”ን እምብዛም አልወድም። በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታቱ የፓርላማው ላይኛ ምክር ቤት አባል ተደርጎ ተሾመ፤ የመጨረሻ ፊልሙን በ2002 ሠራ፤ በ2018 ታኅሣሥ መጨረሻ በ95 ዓመቱ ካልካታ ውስጥ አረፈ። እኔ ግን የማቆመው በ1989ኙ “ኤክ ዲን አቻናክ” ላይ ነው። ጡረታ የወጣ ፕሮፌሰር በዝናባማ ምሽት ትንሽ ልራመድ ብሎ ከቤት ይወጣል። ሚስት፣ ሁለት ሴቶች ልጆችና አንድ ወንድ ልጅ ይጠብቁታል። ሰዓት ያልፋል፣ ሳምንት፣ ወር። መጀመሪያ ምን አገኘው ይላሉ። ቆይቶ ምን በድለነው ነው ይላሉ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን ወረቀቶች ያገላብጡና፣ እንደሚመስላቸው ትልቅ ሊቅ እንዳልነበረ ቀስ ብለው ለራሳቸው ያምናሉ። ቺኑ ከአሥር ዓመት በፊት ሳይነጋ ተመልሳ ነበር። እሱ ዓመት አለፈው፤ ዝናቡ ተመልሶ መጣ፣ እሱ አልመጣም።

የት ሄደ?